አባ ፍሬን በስልሳ ሦስት ካሬ

መጋቢት 3

ከሥራ ስገባ ድስቶቹ ቦታቸው የሉም። መደርደሪያው ላይ በሰልፍ ቆመዋል፤ ትልቁ ከፊት፣ ትንንሾቹ ከኋላ። "ምንድን ነው ይሄ?" አልኩት። "ጠዋት ቀድሞ የሚወጣው ከፊት ይቆማል። ዴፖ እንዲህ ነው" አለኝ።

ባሌ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ ከወጣ ሁለት ወሩ። እሱ ቆመ፤ ድስቶቼ ሥምሪት ጀመሩ።

ጨው ፈልጌ አጣሁ። የት አባቱ ገባ? "ለጊዜው ከመስመር ወጥቷል" አለ፣ ፈገግ እንኳ ሳይል። ያለ ጨው በላን።

መጋቢት 6

ማተሚያ ቤቱ ዛሬ ትርምስ። የስም ካርድ፣ የመድኃኒት ቤት ማስታወቂያ፣ የጥርስ ሐኪሙ ፖስተር... ኮምፒውተር ላይ ፎቶ የማስተካክለው እኔ ነኝ። ሐኪሙ አጠገቤ ቁጭ ብሎ "ጥርሶቼ ትንሽ ነጣ ይበሉ" አለ። አነጣኋቸው። "ትንሽ..." አነጣሁ። "ትንሽዬ ብቻ..." በመጨረሻ ከሰውየው ጥርስ በቀር የሚታይ ነገር ጠፋ። ደስ ብሎት ሄደ።

ቤት ስገባ ባሌ እግሩን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ ተቀምጧል። ከገበያ እስከ ቤት በእግሩ መጥቶ። አውቶቡስ እያለ? "ለጤና ነው" ይላል።

ለጤና አይደለም። የወደቀው የዓይን ምርመራ ላይ ነው። ቅርቡን ቢሆን መርፌ ውስጥ ክር ያስገባል። ሩቁ ግን... ዓመት ሲቀረው አሰናበቱት። "ጡረታ ወጣሁ" ነው የሚለው። ከዚያ ወዲህ አውቶቡስ ላይ ወጥቶ አያውቅም። በዴፖ በር በኩልም አያልፍም፤ መንገድ ዞሮ ይሄዳል። እኔ አውቃለሁ። እንደማውቅ ያውቃል። አንነጋገርበትም።

መጋቢት 11

ከማተሚያ ቤት የተበላሸ ወረቀት አመጣለሁ፤ ጀርባው ንጹሕ ስለሆነ ለምን ይጣላል ብዬ። ዛሬ አንዱ ጀርባ ላይ የማንቆርቆሪያ ሥዕል አገኘሁ። በእርሳስ።

"ማን ሳለው?"

"ማን አለ እዚህ ቤት?"

ማንቆርቆሪያ ይመስላል። አፉ ትንሽ ጠመም ብሏል፤ ግን የኛም ማንቆርቆሪያ አፉ ጠማማ ነው። ጥሩ ነው አልኩት። ጆሮው ቀላ።

ድስቶቹን ዛሬ አልነካቸውም። ተመስገን።

መጋቢት 14

ማንቆርቆሪያ። ደግሞ ማንቆርቆሪያ። አንድ ጫማ።

መጋቢት 16

ትኬት ቆራጩ ሊጠይቀው መጣ። ባሌ ሲነዳ እሱ ትኬት ሲቆርጥ ስንት ዘመን አንድ አውቶቡስ ላይ ኖረዋል። እስካሁን "ሾፌሬ" ነው የሚለው።

ወሬ ይዞ መጥቷል። አባ ፍሬን ሰኔ ላይ በጡረታ ሊሸኝ ነው። ዴፖው ውስጥ ያለ ሾፌር ሁሉ መንዳት የተማረው ከአባ ፍሬን ነው፤ ባሌም ጭምር። ተማሪ ሲያስነዳ ከጎን ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ "ፍሬን... ፍሬን..." ስለሚል በዚያው ስሙ ቀረ። እናት አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያውቅ የለም።

"ምን እንስጠው ብለን ጨነቀን" አለ ትኬት ቆራጩ። "ሰዓት እንዳንል ሰዓት አለው። ብርድ ልብስ ስንል ሰው ሳቀብን።"

ይሄን ጊዜ ባሌ ሻዩን አስቀመጠና "የማረፊያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ እስለዋለሁ" አለ።

ማን? አንተ? ሦስት ማንቆርቆሪያና አንድ ጫማ የሳልክ ሰው? አላልኩም። በሆዴ ነው። ትኬት ቆራጩ ግን ብድግ ብሎ ጨበጠው። "ሾፌሬ፣ ነገውኑ ለሁሉም እነግራለሁ።"

ሰውየው እንደወጣ ባሌ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። "ምን ነካኝ?" አለኝ። እኔ ምን አውቄ...

መጋቢት 17

ጠዋት ሥራ ልሄድ ስል ተከተለኝ። የማስታወቂያ ሰዓሊዎች ድሮ ፎቶውን በካሬ በካሬ ይከፋፍሉት ነበር አለ። ግድግዳውንም እንደዚያው። ከዚያ አንድ ካሬ ብቻ እያዩ መሣል። "ፊት መሣል አልችልም። ካሬ ግን..." አለ። "ያንቺ ኮምፒውተር ካሬ ያሰምራል?"

ያሰምራል እንጂ። ለዚህ ነው የጨነቀህ?

መጋቢት 18

አፌን ይቁረጠው።

የአባ ፍሬንን ፎቶ አስገባሁ። ፊት ለፊት፣ ኮስተር ብሎ፣ ከኋላው ሰማያዊ አውቶቡስ። የፎቶ ፕሮግራሙ ውስጥ ግሪድ የሚል አለ፤ ተጫንኩት፤ ካሬዎቹ ስክሪኑ ላይ ዝርግት አሉ። ሲያምር። በየሦስት ሴንቲው መስመር፤ ወደ ጎን ሰባት፣ ወደ ታች ዘጠኝ ካሬ። አተምኩ። ወረቀቱ ላይ አባ ፍሬን ብቻ። መስመር የለም። ደግሜ አተምኩ። የለም። የመስመሩን ቀለም ጥቁር አደረግሁ፣ ቀይ አደረግሁ። ስክሪኑ ላይ ቀይ፣ ወረቀቱ ላይ ምንም። ማተሚያውን በጥፊ አልኩት። የተማረ ሰው በጥፊ ይመታል? ይመታል።

አለቃዬ መጣና አንድ ክምር አባ ፍሬን አየ። አለቃዬ በልጄ ዕድሜ ነው፤ ሲቆጣኝም በአንቱታ ነው። "እትዬ፣ እኚህ ሰውዬ ምን አድርገዎት ነው?"

ነገርኩት። ሳቀ። "ግሪዱ ለዓይን ነው እትዬ፣ ለወረቀት አይደለም። ዕቃ ለማስተካከል ነው የተሠራው። እንዲታተም ከፈለጉ መስመሩን ራስዎ ይሥሩት።"

ለዓይን እንጂ ለወረቀት አይደለም... ይሄን ሁሉ ዓመት ስጠቀምበት አንድ ቀን እንኳ አትሜው አላውቅም ለካ።

መጋቢት 19

ገባኝ። ከፎቶው በላይ ሌየር ይነጠፋል፤ እንደ መስታወት ነው፣ የሥሩን ያሳያል። መስመሩን እዚያ ላይ ታሰምሪያለሽ። ግሪዱን እንደ ማስመሪያ ትጠቀሚበታለሽ፤ ማውሱ ራሱ መስመሩ ላይ ልጥፍ ይላል። ስትፈልጊ ታበሪዋለሽ፣ ሳትፈልጊ ታጠፊዋለሽ።

በእጄ የነበረው የአንድ ሙሽራ ፎቶ ላይ ተለማመድኩ። ልክ እንደ ደብተር ወጣ። ነገ የአባ ፍሬንን እሠራለሁ።

መጋቢት 20

ሌየሩን አላጠፋሁትም።

ሙሽራው በትልቁ ታተመ። ለአዳራሹ መግቢያ፣ ከሰው ቁመት በላይ። ከጫማው እስከ ፀጉሩ ፍርግርግ። ሱፍ ለብሶ፣ አበባ ይዞ፣ ፈገግ ብሎ... እስር ቤት። የሙሽሪት እናት ልትወስድ መጥታ ቆማ ቆማ አየችው። አለቃዬ ፊቱ አመድ መሰለ። እኔ ጠረጴዛ ሥር የምገባበት ቀዳዳ ፈለግሁ።

ሴትዮዋ መጨረሻ ላይ "ልጁ ይሄን አይቷል?" አለች።

"አላየም።"

"ይየውና ይወስን።"

ምሳ ሳልበላ አዲስ አተምኩላት። ሁለቱንም ወሰደቻቸው። ፍርግርጉን ለምን ይሆን የፈለገችው?

አለቃዬ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ሳያናግረኝ ዋለ። ማምሻው ላይ "እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ካሬ የሚሠሩት ከሥራ በኋላ ነው" አለ። ልክ ነው። ምን ይበል ታዲያ?

መጋቢት 22

የአባ ፍሬን ትናንት ታተመ። ከነመስመሩ። ይዤ ገባሁ፤ ባሌ ማስመሪያ አውጥቶ ለካ። "ሦስት ሴንቲ አልሽኝ። ይሄ ሦስት አይሞላም።" ማተሚያው ለካ ከወረቀቱ ጠርዝ ጋር እንዲስማማ ብሎ በራሱ ጊዜ አጥብቦታል። እሱን አስተካክዬ ዛሬ ባመጣ ደግሞ ወደ ላይ ተለጠጠ። አባ ፍሬን ፈረስ መሰለ። "ዕድሜው ሲገፋ ቀጥኗል ብንልስ?" አልኩት። አልሳቀም። ሥራ ላይ ነው፤ ሥራ ላይ ሲሆን እንዲህ ነበር ድሮም። ረስቼው ነበር ይሄን ፊቱን።

መጋቢት 26

ሦስተኛው ልክ ሆነ። ካሬው ካሬ ነው።

አሁን እያንዳንዱን ካሬ ለብቻው አሳድጌ በአንድ በአንድ ወረቀት አተምኩለት፤ ሩቅ እንዳያይ፣ ከአፍንጫው ሥር ይዞ እንዲያይ። ስልሳ ሦስት ወረቀት። እንዳይጠፋበትም ምልክት አደረግሁ። ወደ ታች ለሚወርደው ቁጥር፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ። ወደ ጎን ለሚሄደው ፊደል፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ። የግራ ዓይን ሐ አራት፤ የቀኝ ዓይን ሠ አራት። አፍንጫው መሐል፣ መ ላይ። ዳርና ዳሩ፣ ሀ እና ሰ፣ ሰማያዊ አውቶቡስ ብቻ ነው። ሕፃን አይሳሳተውም።

"ሙሉ ፎቶውን አትይ" አልኩት። ደህና ሰዓሊዎች እንዲህ ነው የሚሉት፤ አንብቤያለሁ። "ሙሉውን ካየህ የምታውቀውን ነው የምትስለው። የሚታይህን ብቻ ሣል።"

"የሚታየኝን ብቻ" አለና አንገቱን ደፋ። ምነው ምላሴን በያዝኩት።

ሚያዝያ 2

ቀለም ተገዛ። ብሩሽ ተገዛ። ወረቀቱ በየረድፉ ተደርድሯል። እሱ ግን አይሄድም። ዛሬ ዝናብ ነው አለ። ትናንት ወገቤን አለ። ከትናንት ወዲያ ድስት ደረደረ።

ሚያዝያ 5

ትኬት ቆራጩ ራሱ መጥቶ ወሰደው። የቀለም ባልዲውን አንጠልጥሎ "ሾፌሬ፣ ተነሣ፣ ሰዓት ደርሷል" አለው። ልክ እንደ ድሮው አጠራር መሰለኝ። ባሌ ተነሣ። ኮቱን ለበሰ። ቀለም ሊቀባ ኮት?

ከመስኮት አየኋቸው። በእግራቸው ሄዱ።

ሚያዝያ 6

ማተሚያዎቹ ሁሉ እየጮኹ ስልኬ ጠራ። ትኬት ቆራጩ ነው። ግድግዳውን በክር ለክተው በየአርባ ሴንቲው አስምረዋል። አሁን ከላይ ፊደሎቹን ሊጽፍ ነው። "ንገሪኝ እጽፋለሁ።"

"ሀ" አልኩት። "ለ። ሐ። መ..."

"ሀ ሁለት ጊዜ ነው እንዴ?"

"ሁለት ጊዜ ነው፤ ፊደል አልቆጠርክም? ሠ። ረ። ሰ።"

"እሱም ሁለት ነው?"

"ሁለት ነው።"

"እሺ እሺ፣ ጽፌያለሁ" አለ። ጎበዝ ሰው ነው።

ሚያዝያ 13

በየቀኑ ይሄዳል። ሾፌሮቹ እንዳያሾልቁ ያለቀውን ካሬ በጋዜጣ ይሸፍኑታል አሉ፤ የትኬት ቆራጩ ብልሃት ነው። ለምሳ ይመጣል፣ እጁ ሰማያዊ፣ አገጩ ሰማያዊ። ድስቶቹን እንደ ድሮዬ መለስኳቸው። አላየም።

ሚያዝያ 21

ደወለ። "መስመሩ አይገጥምም" አለ ባሌ። "የጉንጩ ጠርዝ እዚህ ይቆምና ቀጥሎ ያለው ካሬ ላይ የለም።"

"ገና ስላላለቀ ነው።"

"ከአፍንጫው አጠገብ ደግሞ ሰማያዊ ነው የሚለኝ።"

"ጥላ ነዋ። አውቶቡሱ ፊቱ ላይ አንጸባርቆ ይሆናል። የሚታይህን ሣል አላልኩህም?"

"እሺ" አለ። ደህና አስተማሪ ሆኛለሁ።

ግንቦት 4

ደግሞ ደወለ። ዛሬስ ድምፁ ፈራ ተባ ብሏል። "አንቺ፣ ዓይኑ ዳር ላይ ነው የሚወጣው።"

"ወረቀቱ ምን ይላል?"

"ሐ አራት።"

"የምትስለው የት ላይ ነው?"

"ሐ አራት ላይ።"

"ታዲያ ልክ ነው።"

"ልክ ነው" አለ። "ታፔላው ሐ ካለ ሐ ነው። ታፔላ የማያምን ሾፌር ከተማው ውስጥ ይጠፋል።"

ግንቦት 19

ቤቱ ጸጥ ይላል ከሥራ ስገባ። ደስ ይላል... ደስ ይላል? አዎ። ትንሽ ብቻዬን ሻይ ጠጣሁ።

ሲመጣ ሾፌሮቹ ስላሉት ሁሉ አወራኝ። ማን መኪና ቀየረ፣ ማንን ጉልበቱን አመመው። እየበላ አወራ፤ እየታጠበ አወራ። የዚህን ያህል ያወራው መቼ ነው መጨረሻ?

ሰኔ 5

አለቀ። ነገ ሽኝቱ ነው። ጋዜጣውን ነገ ጠዋት ሰው ሳይመጣ እናነሣዋለን፤ እኔም እንድገኝ ፈልጓል። አለቃዬ ፈቀደልኝ። "ፍርግርግ እንዳይኖረው ብቻ" አለ።

ሸሚዙን ተኮስኩለት። ራሴንም ተኮስኩት ማለት ይቻላል።

ሰኔ 6

ከየት ልጀምር?

ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ ሦስታችን ብቻ ነን። አግዳሚ ወንበሮች፣ የሻይ ብርጭቆ የደረቀበት ጠረጴዛ፣ ፊት ለፊት ግድግዳው። ትኬት ቆራጩ መሰላል ላይ ወጥቶ ጋዜጣውን ከላይ ወደ ታች ገነጠለው። ባሌ በሩ አጠገብ ቆሟል፣ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ፣ እጁን አጣምሮ።

አየሁ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ሆዴ ባባ።

አፍንጫው አለ፤ ግሩም አፍንጫ። ከግራና ከቀኙ ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ ገደል። ከሰማያዊው ወዲያ ጆሮዎቹ። ከጆሮዎቹ ወዲያ ደግሞ፣ ግድግዳው ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ዓይን በዚህ ጥግ፣ አንድ ዓይን በዚያ ጥግ። እያንዳንዱ ቅንድብ ፀጉር በፀጉር ተሥሏል። ሽበቱ ሳይቀር።

ቀና ብዬ ፊደሎቹን አየሁ። ሐ፣ ለ፣ ሀ፣ መ፣ ሰ፣ ረ፣ ሠ።

"ሐ ለምን መጀመሪያ ላይ ሆነ?" አልኩት ትኬት ቆራጩን።

"አንቺ አይደለሽ ሀ ያልሽኝ? የኔ ስም የሚጻፈው በሐመሩ ሐ ነው። እሱን አስቀደምኩ። ያኛውን ሀ ቀጥሎ ጻፍኩት። ምን ለውጥ አለው? ሁለቱም ሀ ነው የሚባሉት።"

በሰ በኩልም እንደዚያው፤ እሳቱ ሰ ንጉሡን ሠ ቀድሞታል። ሁለት ሀ ተለዋውጠው፣ ሁለት ሰ ተለዋውጠው፣ የአባ ፍሬን ሁለት ዓይን ተሰደደ። ጥፋቱ የማን ነው? የኔ ነው፤ ወይም ፊደል የቀረጸው ሰው ነው።

"እንዴት ነው?" አለ ባሌ ከበሩ።

ዞር ብዬ አየሁት። ዓይኑን አጥብቦ ግድግዳው ላይ ተክሏል። ለካ አይታየውም። ከዚያ ርቀት ቀለም ቀለሙ ብቻ ነው የሚታየው። እሱ የሳለውን እኔ ልነግረው ነው።

"ጥሩ ነው" አልኩ። "ዓይኖቹ ብቻ... ትንሽ ተራርቀዋል።"

"ምን ያህል?"

"ከሁለት ሜትር በላይ።"

ቀስ ብሎ ወደ ግድግዳው መጣ፤ በአንዱ ዳር ዓይን አገኘ፤ ግድግዳውን በእጁ እየዳሰሰ እስከ ሌላው ዳር ሄደ፤ እዚያም ዓይን አገኘ። አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። "ሩቅ አይታየኝም እኮ" አለ። እንዲህ ብሎ ጮክ ብሎ ሲናገር የሰማሁት ዛሬ ነው። "ለዚህ ነው ያስወጡኝ። ታይቶኝ ቢሆን..."

"ታይቶህማ ነበር" አልኩት። "ደውለህ ነገርከኝ እኮ። ልክ ነው ያልኩህ እኔ ነኝ።"

ትኬት ቆራጩ ነጭ ቀለም ሊያመጣ ሮጠ። በሩ ላይ ከአባ ፍሬን ጋር ተጋጨ። ሽማግሌው ሁሌም ቀድሞ ነው የሚደርሰው አሉ፤ በራሱም ሽኝት ቀድሞ ደረሰ። ከኋላው ሾፌሮቹ አንድ በአንድ ገቡ። ክፍሉ ሞላ። ሰው ሁሉ ግድግዳውን አየ፣ ከዚያ አባ ፍሬንን አየ፣ ከዚያ የየራሱን ጫማ አየ።

አባ ፍሬን ባርኔጣውን አወለቀ። ግራውን ዓይን አየ። አንገቱን አዙሮ ቀኙን አየ። እንደገና ግራውን።

"ማነው የሳለው?"

ባሌ ብድግ አለ። እንደ ተማሪ። "እኔ ነኝ አባ። ግን..."

"አርባ ዓመት ሙሉ 'ዓይናችሁ ከጎን መስታወቱ አይነቀል' እያልኩ ጮህኩ" አለ አባ ፍሬን። "የሰማኝ አንድ ሰው ነው ማለት ነው።"

ሳቅ ከየት እንደፈነዳ አላውቅም። ጣሪያው የተነሣ መሰለኝ። ትኬት ቆራጩ ነጭ ቀለሙን ከጀርባው ደበቀ።

ባሌ ግን ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ... ሳቁ ሲበርድ "አባ፣ ስሕተት ነው" አለ። ትኬት ቆራጩ እግሩን ቢረግጠውም አልተመለሰም። "ፊደሉ ተለዋውጦ ነው። ሩቅ ስለማላይ አላወቅሁትም።"

"ስሕተት መሆኑንማ አውቃለሁ" አለ አባ ፍሬን። "ዓይኔ የት እንዳለ ይጠፋኛል?" ቀረብ አለውና ድምፁን ዝቅ አደረገ። እኔ አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰማሁ። "ለዚህ ነው የጠፋህብን?"

"ነው።"

"እኔ በግራ ጆሮዬ መስማት ካቆምኩ ስንት ዘመኔ። ለማንም አልተናገርኩም።"

"ጥሩምባ ሲነፋብዎትስ?"

"አልሰማም። ለዚህ ነው ረጋ ያለ ሾፌር የሚሉኝ።"

ተቃቅፈው ቆሙ። ግድግዳውን የሚነካ ሰው ከኔ ጋር ይነጋገራል አለ አባ ፍሬን። በቀኝ ጆሮው በኩል ማለቱ ነው መሰለኝ።

ሰኔ 7

የዓይን ሕክምና ቀጠሮ ያዝኩለት። "ለምን?" አላለም። "ስንት ሰዓት?" አለ።

ሰኔ 15

መነጽር። ወፍራም ነው። ግቢያችን ውስጥ ቆሞ ዛፉን ሲያይ ቆየ። ከዚያ እኔን አየ። "ምነው?" አልኩት። "ምንም" አለ። ሰው ከሠላሳ ዓመት በኋላ በደንብ ሲያይሽ "ምንም" ካለ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?

ለመንዳት አያበቃም አሉ። ለታፔላ መጻፍ ግን ያበቃል፤ ዴፖው በሳምንት ሦስት ቀን የአውቶቡሶቹን ቁጥርና የመስመር ስም እንዲጽፍ ጠርቶታል።

ሰኔ 24

አዳዲስ ተማሪ ሾፌሮችን መጀመሪያ ቀን ግድግዳው ፊት ያቆሟቸዋል አሉ። ማስተማሪያ ሆኗል።

የፍርግርጉ ሙሽራ አማት ደግሞ ማተሚያ ቤት መጣች። ሠርጉ ተደርጓል። ፍርግርጉን ፎቶ ሳሎኗ ሰቅላዋለች፤ "ልጁ ራሱ ወደደው" አለች። አለቃዬ ወደኔ ዞሮ "እትዬ፣ እንዲህ ዓይነት የሚፈልግ ሌላ ደንበኛ ይኖር ይሆን?" አለ።

ሐምሌ 8

ልጃችን ቤት ለምሳ ተጠራን። ሩቅ ነው። ጫማዬን ሳስር "በአውቶቡስ እንሂድ" አለኝ፣ እንደ ቀላል ነገር። እኔም እንደ ቀላል ነገር "እሺ" አልኩ።

ከሾፌሩ ኋላ ተቀመጥን። ሾፌሩ ወጣት ነው፤ አላወቀውም። ባሌ መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ከተተ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ተኛ ብዬ ነበር። "አሁን ቁልቁለቱ" አለ። ቁልቁለቱ ነበር። "አሁን የትምህርት ቤቱ አጥር።" ነበር። ማርሽ ሲቀየር ቀኝ እግሩ ወለሉን ትንሽ ይጫናል። "ልጁ ጎበዝ ነው" አለኝ በጆሮዬ። "ትንሽ ይቸኩላል። እኔም እቸኩል ነበር።"

ልንደርስ ስንል ዓይኑን ገለጠ። መውረጃችን መጣ። አየኝ። አየሁት። ከሁለታችን አንዳችን መናገር አለብን... ሠላሳ ዓመት ሲባልለት የኖረ ሰው ነው፤ ራሱ ብሎት አያውቅም።

"ወራጅ አለ" አለ።

ድምፁ ቀጭን ወጣ። ሾፌሩ አልሰማም። ፌርማታውን ጥለነው አለፍን። "ጮክ በል እንጂ" አልኩት። ጉሮሮውን ጠራረገ። መነጽሩን አደረገ።

"ወራጅ አለ!"

ሰው ሁሉ ዞረ። አውቶቡሱ ቆመ። አንድ ፌርማታ አልፈን ወርደን፣ ፀሐዩ ላይ፣ እየሳቅን ወደ ኋላ በእግራችን ተመለስን።